አርባው የእርድ ናሙና

ውድ ጠብታ፣

ስልክ ብደውል «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽ እንደምትዘጊው ስለማውቅ ወረቀት ይዣለሁ። ነጋዴ ወሬ ካስረዘመ ሊያታልል ነው ይባላል፤ ስለዚህ ዋናውን ከፊት አስቀምጣለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሱቄ ውስጥ ቆመሽ «የእርዱን ናሙና መርጠህ ነው የገዛኸው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። «አልመረጥኩም» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። አርባውንም የእርድ ዱቄት መርጫለሁ፤ አንድ በአንድ፣ በዓይኔም በጣቴም።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ብታጥፊው ሊደርስሽ የሚገባው ደርሶሻል። ያን ሁሉ ወር ስትፈልጊው የከረምሽው ስህተት እጅሽ ላይ አልነበረም። ግን እስከ መጨረሻው ብታነቢልኝ እወዳለሁ፤ ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ አለበት።

የዕለት ማስታወሻዬን ከፊቴ ዘርግቻለሁ። «ዛሬ ዘነበ፣ ጎረቤቴ አኮረፈኝ፣ ሩዝ የሚያመጣው መኪና ተበላሸ» የሚለውን እያነበብሽ የምትስቂበትን ደብተር ነው። ሰው ትዝታውን ለራሱ እያሳመረ ስለሚያስቀምጥ፣ ከትዝታዬ ይልቅ ደብተሩን አምናለሁ። የምነግርሽንም ከእሱ እየገለበጥኩ ነው።

ማስተርሱን በጀመርሽ በሁለተኛው ዓመት የረሳሽውን ቁልፍ ላቀብልሽ ላቦራቶሪያችሁ ድረስ መጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ። በሩ ላይ ማሽኑን ለመጠቀም ወረፋ የያዙ ተማሪዎች ስም ተለጥፏል፤ ያንቺ ከታች ሁለተኛ ነው። ነጩ ካፖርትሽ እጅጌው ላይ አሲድ የበላው ቀዳዳ ነበረው። አንገቱ የቀጠነ ጠርሙስ ላይ አጎንብሰሽ፣ ውሃ በጠብታ እየጨመርሽ፣ አንገቱ ላይ የተሰመረችውን ቀጭን መስመር በአንድ ዓይንሽ ትመለከቻለሽ።

«ቁልፍሽን…»

«አታናግረኝ ወንድምዓለም፣ መስመሩ ላይ ነኝ።»

ቆሜ ጠበቅሁ። ስትጨርሺ «አንዲት ጠብታ ብታልፍ ምን ይመጣል?» አልኩሽ።

«እንደገና ከመጀመሪያው ነዋ። አንተ ሚዛን ላይ አንዲት ፍሬ ሩዝ ብትጨምር ማንም አያይህም። እኔን ግን ያየኛል።»

«ማን?»

«ማሽኑ።»

ጠብታ ብዬ የጠራሁሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እማዬ «ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት ስም ነው?» ብላ ተቆጣች፤ በሳምንቱ ራሷም ጠብታ ትልሽ ጀመር።

እርዱን ያሳየሽኝም የዚያን ዕለት ነው። አንድ ማንኪያ ቢጫ ዱቄት ብርጭቆ ውስጥ ጨምረሽ፣ አሲድ አፍስሰሽበት፣ ጭሱን የሚስበው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሽው። ቡናማ ጭስ ወጣ፣ ተንተከተከ፣ ቆይቶ እንደ ውሃ ጠራ።

«እርዱ የት ገባ?»

«ተቃጠለ። የቀረው ውስጡ የነበረው ብረት ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ እሱን የሚለካ ነው፤ ከገበያ የሚገዛ እርድ ውስጥ ምን ያህል ከባድ ብረት አለ የሚለውን።»

እኔ ከወፍጮው ጥርስ የሚረግፈውን ብረት መስሎኝ ነበር። «እንግዲያው ለባለ ወፍጮዎቹ ንገሪያቸው» ብዬሽ ወጣሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እርድ የሸጠ ሰው ስለ እርድ የሚያውቀው ይህን ያህል ነበር።

ከወር በኋላ ወረፋሽ ደረሰ፤ ናሙናው ግን ገና አልተገዛም። ዕቃዎቹን አሲድ ውስጥ ስትዘፈዝፊ፣ ስታጥቢ፣ ማሽኑን ስታስተካክዪ ገበያ መውጫ አጣሽ። «ገበያው የኔ አይደል? እኔ እገዛልሻለሁ» አልኩ። አርባ ንጹሕ ፌስታል፣ ማርከርና የሻጮቹን ዝርዝር ሰጠሽኝ። የኔም ሱቅ ዝርዝሩ ላይ ነበር። ያልሽው ደብተሬ ላይ አለ፦ «ምንም እንዳትመርጥ። እንደ ማንም ገዢ ሂድና የሰጡህን ተቀበል።»

እሺ አልኩሽ። ይሉኝታሽ መሰለኝ። ሰው ማስቸገር አልወድም ስትዪ የምታወሪው አነጋገር ነበር።

ገበያችን ውስጥ ስላለው ነገር አንድ ቀን ተቀምጬ ነግሬሽ አላውቅም። እርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ደብዛዛ ነው፤ ወደ ቡኒ የሚያደላ፣ ጣት ላይ እንደ አፈር የሚቀር። ሌላው ደማቅ ነው፤ ቢጫ ዱቄት ቀለም ይገባበታል፣ ሩዙን ያደምቃል፣ ምግብ ቤቶችም የሚፈልጉት እሱን ነው። ደብዛዛውን «የቤት» እንለዋለን፣ ደማቁን «የሰው»። የቤቱ ከኋላ ይቀመጣል፤ «የሰው» የምንለው ደግሞ ደጃፍ ላይ ይደረደራል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን ነውር ብሎ ጠርቶት አያውቅም። የጨርቅ ነጋዴ የደመቀውን ጨርቅ ከፊት እንደሚሰቅለው ያህል ነበር የምናየው።

መጀመሪያ የሄድኩት ገበያው ጥግ ላይ ወዳለችው ባለ ወፍጮ ዘንድ ነው። ፌስታሌን ከፍቼ ከደጃፉ ጆንያ ልትሰፍርልኝ ስትል «እትዬ፣ ለእህቴ ነው፣ ለትምህርቷ» አልኳት።

እጇን መለሰች። «ታዲያ ለምን ዝም ትላለህ? ይሄማ ለሰው ነው። ና፣ ከጓዳ ልስጥህ።»

«የሰጡህን ተቀበል ብላኛለች።»

«እኔም ይኸው እየሰጠሁህ ነው። በል ያዝ፣ እህትህን ሰላም በልልኝ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ እንደዚያው ሆኑ። ገሚሶቹ ለማን እንደሆነ ሲሰሙ ራሳቸው ወደ ኋላ ገቡ። ገሚሶቹን እኔ ጠየቅኋቸው። የማያውቁኝ ሻጮች ዘንድ ስደርስ ጣቴን ጆንያው ውስጥ ከትቼ፣ ደማቅ ከሆነ «ከዚያኛው አድርግልኝ» አልኩ። ከራሴ ሱቅም ለቤታችን የምንጠቀምበትን ሰፈርኩ። ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ለጠብታ አርባውንም ጨረስኩ። አንድም መጥፎ አልገባበትም። ሦስት ቀን ፈጀ።» ሥራዬን ጥሩ አድርጌ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለእህቱ ሲገዛ የማይመርጥ ነጋዴ አላውቅም፤ እኔም እንዴት እንደማይመረጥ አላውቅበትም።

አርባውም ንጹሕ ወጣ። ጽሑፍሽን ፈታኞች ፊት ዲፌንስ ያደረግሽ ቀን እማዬና እኔ ከኋላ ተቀምጠናል። እሷ በየመሃሉ «አሁን ያቺ ፈታኝ ምን አለች?» እያለች ትጎነትለኛለች፤ እኔም እንደገባው ሰው «ጥሩ ነው አለች» እላለሁ። አንደኛው ፈታኝ «ለሸማቹ የሚያስደስት ውጤት ነው» ሲሉ አማካሪሽ ፈገግ አሉ። እማዬ አለቀሰች። እኔም በልቤ «በኔ እርድ ነው» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ነው ያልኩት።

ከስምንት ወር በኋላ ነው የመጣሽው። እኩለ ቀን ነበር፤ ገበያው ቀዝቅዞ እኔ የጆንያ አፍ እሰፋለሁ። ፊትሽን ሳየው እማዬ የሞተች መሰለኝ። ካንቺ ቀጥሎ የመጣው ተማሪ እዚሁ ገበያ ራሱ ገዝቶ ከሠላሳ ናሙና አሥራ አንዱ ውስጥ እርሳስ የሚባለውን መርዘኛ ብረት አግኝቷል። ያንቺ አርባ ናሙና ውስጥ አንድም የለም። የትምህርት ክፍሉ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በጽሑፍ አስረጂ ብሎሻል፤ ዲግሪው እስከዚያ ድረስ ታግዷል።

«ከወፍጮው ነው?» አልኩሽ።

«ከቀለሙ ነው ወንድምዓለም። ቢጫው ቀለም ራሱ እርሳስ አለበት። ትልቅ ሰው ይጎዳል፤ ልጅ ሲበላው ደግሞ ጭንቅላቱን ነው የሚይዘው። ትምህርት አይገባውም፤ ተመልሶም አይድንም።»

ደማቁ ጆንያ ካንቺ ጀርባ ሦስት እርምጃ ላይ ነበር። አፉ ክፍት ነው፣ መስፈሪያው ተሰክቶበታል። አንቺ ዞረሽ አላየሽውም። እኔ እሱን እያየሁ አንቺን እሰማ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

«መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

«መርጠህ ነው የገዛኸው?»

መረጥኩ ብል «በምን ለየኸው?» ትያለሽ። በቀለሙ ብል «ታዲያ ባለ ቀለሙን ለማን ነው የምትሸጠው?» ትያለሽ። ይህን ሁሉ መርፌው ጆንያው ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ አሰብኩት። እኔ በንግድ ላይ እንዲህ ፈጣን ነኝ።

«አልመረጥኩም፤ እንዳልሽኝ ነው ያደረግሁት» አልኩሽ።

«እሺ» አልሽ፤ «እንግዲያው ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እኔ ምን አልኩ? «ውሃ ልስጥሽ?» አልኩ። ደብተሬ ላይ የዚያን ቀን የተጻፈው «ጠብታ መጣች፣ ደክሟታል» የሚል ብቻ ነው። ሐሰት የጻፍኩት ነገር ባይኖርም፣ ከነደብተሩ የዋሸሁበት ቀን ያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ከናሙናው የተረፈውን አራት ወር ሙሉ ደጋግመሽ ለካሽ። አሲዱን ቀየርሽ፤ ዕቃውን ጥለሽ ሌላ ተዋስሽ፤ ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብለሽ አስመረመርሽው። ሁልጊዜ ያው ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ ስለነበር። እኔ ቃሌን ስለሰጠሁሽ የቀረው ተጠርጣሪ የገዛ እጅሽ ሆነ። አንድ ጠዋት ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ሌላ ከተማ ሄድሽ፤ የማተሚያ ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆንሽ። ሰው ሲጠይቀኝ «ኬሚስትሪ ሰለቻት» እል ነበር።

እኔስ? ደማቁን ጆንያ እስኪያልቅ ድረስ ሁለት ወር ሸጥኩት። ሲያልቅ ዳግመኛ አላስመጣሁም፤ ይህንንም ለራሴ እንደ ጽድቅ ቆጠርኩት።

ባለፈው ወር ለሦስት ቀን መጣሽ። እማዬን ሳል ይዟታል። የሽሮፑን ጠርሙስ አንስተሽ፣ ክዳኑን ከፍተሽ፣ መለኪያዋን ይዘሽ ቆምሽ። ከዚያ ሁለቱንም ወደኔ ዘረጋሽ። «አንተ ለካላት። እጄን አላምነውም።»

ለካሁላት። አንቺ ወደ ጓሮ ስትወጪ እማዬ አፏን እየጠረገች «ይቺ ልጅ በእንቅልፏ እንኳ የምትለካ ነበረች» አለችኝ። እኔም መለኪያዋን ሳጥብ ረጅም ጊዜ ፈጀሁ።

በሳምንቱ ከዩኒቨርሲቲው በሱቄ አድራሻ ደብዳቤ መጣልሽ። ከፈትኩት፤ ይህም ሌላ ጥፋት ነው፣ ጨምሪልኝ። እስከዚህ ወር ሠላሳ ድረስ ማብራሪያ ካላቀረብሽ ፋይልሽ ተዘግቶ ዲግሪው ይሰረዛል ይላል። ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ።

ማክሰኞ ደብተሬን ይዤ አማካሪሽ ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ ቆመው ነበር የሰሙኝ። ስለ «የቤት» እና ስለ «የሰው» ስነግራቸው ተቀመጡ፣ ሻይም አስመጡልኝ። ከመደርደሪያ ላይ የዚያን ተማሪ ናሙናዎች አወረዱ፤ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው አሥራ ሁለት ፌስታሎች።

«ባለ ቀለሙን ይለዩልኝ።»

መስኮቱ አጠገብ ወስጄ አየኋቸው፣ በጣቴ አሸሁ፣ አምስቱን ለየሁ። መዝገባቸውን ገልጠው አስተያዩ። አራቱ ልክ ነበሩ፤ አንዷን ስቻለሁ።

«ማሽናችን ሳምንት የፈጀበትን ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ጨረሱት» አሉ። ሲሉት አልሳቁም። «እንግዲህ ያውቁ ነበር።»

«ቀለም መሆኑን አውቅ ነበር። መርዝ መሆኑን እህቴ ነች የነገረችኝ።»

«ከነገረችዎት በኋላስ ሸጡ?»

«ሁለት ወር።»

«ለማን?»

ለምግብ ቤቶች፣ ለመንገደኛ አልኩ። ቀጥሉ አሉኝ። ከመንገዱ ማዶ ላለው መዋዕለ ሕፃናት ኩሽናም፣ አልኩ። ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አልሰደቡኝም፣ አልጮኹብኝም።

በመጨረሻ ስላንቺ ለመንኳቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው ብላችሁ ዝጉት፤ እሷ ምንም አላደረገችም።»

«አድርጋለች እንጂ። ናሙናዎቹን ራሴ ገዛሁ ብላ ጽፋለች። የእርስዎን ጥፋት ይዘውልኝ መጥተዋል፤ የሷን ደግሞ እሷ ይዛ ትምጣ።»

ቁርጡ ይህ ነው ጠብታ። ከሠላሳ በፊት በአካል ቀርበሽ ናሙናውን ማን እንደገዛው በጽሑፍ ብታምኚ፣ ኮሚቴው አዲስ ናሙና ራስሽ ገዝተሽ እንድትለኪ ሊፈቅድልሽ ይችላል። ሊፈቅድ ይችላል ነው ያሉኝ፤ ይፈቅዳል አላሉም። የሚፈቅዱልሽ መስሎኛል፤ የሰው ፊት ማንበብ ሥራዬ ነው። እዚያም እንዳልሳሳትኩ ግን ማረጋገጫ የለኝም። ከማስታወሻዬ የናሙናዎቹ ገጾች ቅጂ እሳቸው ዘንድ አለ፤ ፊርማዬ አለበት።

ረቡዕ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ተሻገርኩ። ኃላፊዋ ሲሰሙኝ የልጆቹን መዝገብ አወጡ። ያኔ እዚያ የነበሩት ልጆች አሁን ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ወላጆቻቸውን እየጠሩ ደማቸውን እያስመረመሩ ነው። ውጤቱ ገና አልመጣም። የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሄጄም ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሱቁን ሊዘጉት ይችላሉ። ከመዝጋታቸው በፊት በሬ ላይ የሸጥኩትን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሸጥኩት፣ የገዛ ሰው ልጆቹን እንዲያስመረምር ጽፌ ለጠፍኩ።

ባለ ወፍጮዋ መጥታ ቆማ አነበበችው። «እኔንም ጽፈኸኛል?» አለች።

«ራሴን ብቻ ነው እትዬ።»

«ቁጥጥሮቹስ ሲጠይቁህ?»

«ሲጠይቁኝ አልዋሽም።»

ደህና ዋል ሳትለኝ ሄደች። በማግስቱ ደጃፏ ላይ የነበረው ደማቅ ጆንያ የለም። ጥላው ይሁን ወደ ጓዳ አስገብታው አላውቅም። ጎረቤቶቼ አይቀርቡኝም፤ አንዱ ብቻ «ሰው ራሱን በገዛ በሩ ላይ ይሰቅላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሩዝ መስፈሬን ቀጠልኩ።

ይቅር በይኝ ልልሽ አሥር ጊዜ ጽፌ አሥር ጊዜ ሰረዝኩት። ይቅርታሽን አሁን ብጠይቅ፣ ለመምጣት ስታስቢ እሱም አብሮ የሚመዘን ይመስልብኛል። እሱ ይቆይ። ልትቆጪም፣ ላታናግሪኝም ትችያለሽ፤ ኮሚቴው ፊት ለመቅረብ እኔን ማናገር አያስፈልግሽም። እማዬ መምጣትሽን ካሁኑ ለሰው ማውራት ጀምራለች፤ አልነገርኳትም፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

ከመጣሽና ከፈቀዱልሽ ገበያውን ለብቻሽ ዙሪ። የማን እህት እንደሆንሽ ለአንድም ሰው አትንገሪ። የኔም ሱቅ ዝርዝሩ ላይ ከወጣ፣ ክፍትም ከሆነ፣ እንደ ማንም ገዢ ግቢ። ቀና ብዬ ስምሽን አልጠራም፤ ለማን ነው ብዬም አልጠይቅሽም። ደጃፍ ካለው ጆንያ እሰፍርልሻለሁ፤ አንቺም ወስደሽ ትለኪዋለሽ።

ታላቅ ወንድምሽ፣
እርድ ነጋዴው